«የሜክሲኮ በቆሎ ምንም አልሆነም» ለሚለው ጽሑፍ መልስ አለኝ

ሰሞኑን እጅ በእጅ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ፣ አንደኛው ደግሞ «አንተ እፅዋት ተምረህ የለ እንዴ፣ እስቲ ምን ትላለህ» የምትል ቆንጠጥ ጨምሮበታል። ተምሬያለሁ፣ አሁን የምበላበት ስራ ሌላ ቢሆንም ስለ በቆሎ ሲወራ ግን ዝም ማለት አልችልበትም።

ያላነበባችሁት ካላችሁ ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ልውጠ ህያው በቆሎ (ጂኤምኦ የምንለው፣ በላብራቶሪ የሌላ ፍጥረት ጂን የገባበት) የገበሬውን ነባር ዘር ያበላሻል የሚባለው ተረት ነው፣ ማስረጃውም ሜክሲኮ ናት። እዛ ዘሩ ተበከለ ያለው ጥናት ውሸት ሆኖ ወድቋል፣ የበቆሎ ብናኝ (አበባው የሚያራግፈው የወንዴ ዱቄት) ከባድ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፣ ቢሄድም ከሰላሳ ሺ በላይ ጂን ውስጥ አንድ ጂን ቢጨመር ምንም አያመጣም፣ ቢያመጣም ትል የሚከላከል ጂን ስለሆነ በረከት ነው፣ ነባሩ ዘር እንደሆነ በዘር ባንክ ተቀምጧል፣ የሜክሲኮ መንግስት ክልከላ ደግሞ ፖለቲካ ስለነበር ተከራክሮ ተሸንፏል። ስለዚህ እኛም ፍርሃቱን ትተን ዘሩን በስፋት ለገበሬው እናድርስ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ አጻጻፋቸው ግን የተማረ ሰው አጻጻፍ ነው፣ ከጻፉትም ግማሹ እውነት ነው። ያስቸገረኝም እሱ ነው፣ ሙሉ ውሸት ቢሆን አንብቤ አልፈው ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ጥናቶቹም ፍርዶቹም የወጡት በነሱ አቆጣጠር ስለሆነ።)

«የኦሃካው ጥናት ውሸት ሆኖ ወድቋል»

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር 2001 ኔቸር የሚባለው ትልቁ የሳይንስ መጽሔት ላይ ዴቪድ ኲስትና ኢግናሲዮ ቻፔላ የሚባሉ የአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አወጡ። በደቡብ ሜክሲኮ ኦሃካ በምትባል ግዛት፣ ተራራ ላይ ካሉ ገበሬዎች በቆሎ ወስደን መረመርን፣ በላብራቶሪ የሚገባው ጂን አለበት አሉ። ዓለም የደነገጠው ለምንድነው፣ ሜክሲኮ ከ1998 ጀምሮ ጂኤምኦ በቆሎ መዝራት አቁማ ስለነበር ነው። ያልተዘራ ነገር እንዴት በቀለ?

ጽሑፉ ሁለት ነገር ነበር የሚለው፣ ጸሐፊያችን ደባልቀው ያቀረቡት እዚህ ጋ ነው። አንደኛው የተጨመረው ጂን ነባሩ በቆሎ ውስጥ ተገኝቷል። ሁለተኛው ደግሞ ጂኑ ከገባ በኋላ እየተሰባበረ በቆሎው ዘረመል ውስጥ እዚም እዛም ይበተናል። ሁለተኛው አልቆመም፣ የተጠቀሙበት የላብራቶሪ ዘዴ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ሊያሳይ የሚችል ስለነበር ሌሎች ሳይንቲስቶች ጨክነው ተቹት፣ ልክም ነበሩ። ኔቸርም በሚያዝያ 2002 ማስረጃው ጽሑፉን ለማተም የሚያበቃ አልነበረም የሚል ማስታወሻ አወጣ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ከዛ በኋላ የሆነውን ግን ጸሐፊው አልነገሩንም። አንደኛው ነጥብ፣ ማለትም ጂኑ አለ የሚለው፣ የሜክሲኮ መንግስት መስሪያ ቤቶች ራሳቸው ናሙና ሰብስበው ሲመረምሩ ተገኘ። በ2004 ደግሞ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ በንግድ ስምምነታቸው ስር ያቋቋሙት የአካባቢ ትብብር ኮሚሽን፣ ሆሴ ሳሩካን በሚባለው የሜክሲኮ ታላቅ የስነ ምህዳር ሊቅ የሚመራ አማካሪ ቡድን አስቀምጦ ያወጣው ሪፖርት፣ ጂኑ ወደ አንዳንድ ነባር ዘሮች መግባቱን ተቀብሏል።

አሁን ደግሞ ጸሐፊውን ልርዳቸው፣ ምክንያቱም በጃቸው ሊኖር የሚገባውን ትልቁን ካርታ ሳይጥሉት ነው የወጡት። በ2005 የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እዛው ኦሃካ ተራራ ላይ ከ125 ማሳ፣ ከ870 ተክል ከ150 ሺ በላይ ፍሬ ወስዶ መረመረና አንድም አላገኘም። ዜሮ። ብዙ ሰው ጉዳዩ በቃ አለቀ ያለው ያኔ ነው። በ2009 ግን ኤሌና አልቫሬስ ቡይያ የምትባል ተመራማሪ ያለችበት ቡድን በ2001 እና በ2004 የተወሰዱ ናሙናዎችን መርምሮ በአንዳንዶቹ ቦታዎች አገኘው። በዛው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2002 የተሰበሰበ የገበሬ ዘር መርምሮ ትል ገዳዩን ፕሮቲን በ3.1 በመቶው፣ ፀረ አረም የሚቋቋመውን በ1.8 በመቶው ናሙና ላይ አገኘ፣ ኦሃካ ብቻም ሳይሆን ከዛ ውጪም።

ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም። ጂኑ በጤፍ ላይ እንደተቀላቀለ አሸዋ እኩል አልተበተነም፣ ሰፈር ሰፈር እየለየ ነው ያለው። አንዱ ገበሬ የዘራው እሱ ማሳ ላይ፣ አማቹ ማሳ ላይ፣ ዘር ያበደረው ጎረቤቱ ጋ ይኖራል፣ ከሸለቆው ማዶ ያለው ቀበሌ ጋ ግን ጭራሽ የለም። የት ሄደህ ስንት እራስ በቆሎ እንደወሰድክ፣ ላብራቶሪህም ከስንት ጀምሮ አለ እንደሚል ነው ልዩነቱ። ስለዚህ «የሜክሲኮ ነባር በቆሎ ተበክሎ አለቀለት» የሚለው ጩኸት ልክ አይደለም፣ «ምንም አልገባም» የሚለውም ልክ አይደለም። ገብቷል፣ ትንሽ ነው፣ ዥንጉርጉር ነው።

«ብናኙ ከባድ ነው፣ ሁለት መቶ ሜትር ይበቃል»

እዚህ ጋ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ጸሐፊው ግን የስምምነታችንን ትርጉም አላዩትም። የበቆሎ ብናኝ ትልቅ ነው፣ አብዛኛው እዛው በጥቂት አስር ሜትር ውስጥ ይወድቃል፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ ከሰዓታት በላይ ነፍስ የለውም። ዘር አባዢዎችም ሁለት መቶ ሜትር ሲያራርቁ ኖረዋል።

ታዲያ አይገርምም? ሜክሲኮ ውስጥ መዝራት ክልክል ነው፣ የሚዘራው አሜሪካ ነው፣ ከአሜሪካ የበቆሎ ሀገር እስከ ኦሃካ ተራራ ሺዎች ኪሎሜትር ነው። ንፋስ አላመጣውም ማለት ነው። ጆንያ ነው ያመጣው። በ2001 አሜሪካ ከሚዘራው በቆሎ ሩብ ያህሉ ጂኤምኦ ነበር፣ አጭደው አይለዩትም፣ አንድ ጎተራ ነው የሚገባው፣ ከዛ በመርከብና በባቡር ሜክሲኮ ይገባል፣ ዲኮንሳ በሚባሉት የመንግስት የገጠር ሱቆች በኩል ደግሞ ተራራው ድረስ ለምግብ ይሸጥ ነበር። ያልተፈጨ፣ ሙሉ ፍሬ። ገበሬ ደግሞ ገበሬ ነው፣ ዘር ሲያጥረው ወይ ደግሞ «እስቲ ይሄ የፈረንጁ እንዴት ይሆን» ሲለው እፍኝ ወስዶ ጓሮ ይተክላል። እኔ ገበሬ ብሆን እተክል ነበር።

ያ የ2004 ሪፖርት መፍትሄ ብሎ ካስቀመጣቸው አንዱ ይሄን ነው የሚነካው፣ ከውጪ የሚመጣው በቆሎ ድንበር ላይ ይፈጭና ይግባ። ዱቄት አይበቅልም። እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ወፍጮው ሂሳብ አለው፣ የአስመጪዎችም የላኪዎችም ፊት ጠቆረ።

እህል ከእህል ጋር ተደባልቆ እንደሚሄድ የሜክሲኮ ገበሬ ብቻ ሳይሆን የአሜሪካ ኩባንያም አይቶታል። ስታርሊንክ የሚባል በቆሎ ነበር፣ ለከብት መኖ ብቻ የተፈቀደ፣ ከአሜሪካ የበቆሎ መሬት አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም ነበር የተዘራው። በ2000 ሱፐርማርኬት ውስጥ የታኮ ቂጣ ላይ ተገኘ። መዝገብ፣ ላብራቶሪ፣ ውል፣ ጠበቃ ባለበት አገር። ከዛ እኛ ስለ ሁለት መቶ ሜትር እንከራከራለን።

አክስቴ ጎጃም ናት፣ እድሜ ልኳን በቆሎ ስትዘራ። እሷ ዘር ሲያልቅባት ከየት እንደምታመጣ ልንገራችሁ፣ ከጎረቤት ትበደራለች፣ ከሌለ ገበያ ሄዳ እህል ተራ ያለውን ጆንያ ሁሉ እጇን እየከተተች ታይና ደስ ያላትን ሁለት ጣሳ ገዝታ ትዘራለች። ሻጩን ከየት አመጣኸው አትለውም።

«አንድ ጂን ምን ያመጣል፣ ሃይብሪድስ ሲደባለቅ አልኖረም?»

ይሄ ከሁሉም ጥሩው ክርክራቸው ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

እውነት ነው፣ ነባር ዘር የሚባለው ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። የሜክሲኮ ገበሬ ሃይብሪድ (ተዳቅሎ የተሰራ ምርጥ ዘር) ሲሰጠው ከራሱ ጋር ያጎራብተዋል፣ ይደባልቀዋል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሱ ያደርገዋል። ስምም አላቸው፣ የሀገሩን ዘር ክሪዮዮ ይሉታል፣ እንዲህ የተላመደውን ደግሞ አክሪዮያዶ። የኛም ገበሬ ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣውን ሃይብሪድ አንዴ ገዝቶ ሦስት አራት ዓመት ራሱ እያስቀረ ይዘራዋል፣ የልማት ሰራተኛው እየተቆጣው። ከዛም በላይ፣ በቆሎ ለራሳችንም እንግዳ ነው፣ በቆሎን የባህር ማሽላ የሚሉት ከባህር ማዶ ስለመጣ እኮ ነው። ስለዚህ «ንፁህ ዘር ተበከለ» የሚለው ቋንቋ እኔንም አይመቸኝም፣ በቆሎ ንፁህ ሆኖ አያውቅም።

ግን ልዩነት አለ፣ እሱም የዓይን ጉዳይ ነው። በቆሎን በቆሎ ያደረገው ሰው ነው፣ ከዘጠኝ ሺ ዓመት በፊት ገደማ ደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ ባልሳስ በሚባለው ሸለቆ ቴኦሲንቴ ከሚባል ሳር መርጦ መርጦ ያወጣው። ሜክሲኮ ያሉት 59 ነባር የበቆሎ አይነቶች ዛሬም በዓመት በዓመቱ የሚሰሩት በዛው መንገድ ነው፣ ሴትየዋ ወይ ሰውዬው ክምሩ ፊት ቁጭ ብለው ይሄ ለዘር ይሄ ለምግብ ይላሉ። የፍሬውን ቀለም፣ የቆረቆንዳውን ቅጥነት፣ የልባሱን ሽፋን፣ ነቀዝ ነክቶት እንደሆነ ያያሉ። አንድ እራስ በቆሎ ላይ እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ አባት ሊኖረው ይችላል፣ ጫፉ ላይ ካለው ፀጉር እያንዳንዷ ክር የአንድ ፍሬ ናትና። ነጭ እራስ ላይ አንድ ጥቁር ፍሬ ያየ ሰው የጎረቤቱን በቆሎ አየ ማለት ነው፣ አክስቴ እንዲህ ያለውን ፈልፍላ ለልጆች ቆሎ ታደርገዋለች። ሃይብሪድ ሲደባለቅ ቁመቱ፣ መልኩ፣ የሚደርስበት ጊዜ ይናገራል፣ ካልፈለገችው ትጥለዋለች።

የተጨመረው ጂን ግን አይታይም። ፀረ አረም መቋቋሚያው ፀረ አረም ካልተረጨበት በቀር ምንም ምልክት የለውም። ትል ገዳዩ ደግሞ ይባስ ብሎ በተዘዋዋሪ ይታያል፣ ያልተበላ፣ ያማረ እራስ ሆኖ ይመጣል፣ ለዘር የሚመረጠው ደግሞ ያማረው ነው። ስለዚህ ሰውየው ሳያውቅ በገዛ እጁ እየመረጠ ያበዛዋል። ጸሐፊው «ከሰላሳ ሺ አንድ» ሲሉ ጂኑ እዛው አንድ ጥግ ተቀምጦ የሚቀር አስመስለውታል፣ ጥቅም ያለውና ገዢ የሆነ (ካንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚሰራ) ጂን ግን መራጭ እጅ ካገኘ አይቀመጥም፣ ከትውልድ ትውልድ ይበዛል። ከተለያየ ኩባንያ የመጡ ሁለት ሦስት ጂኖችም አንድ ተክል ላይ ሊጠራቀሙ ይችላሉ፣ ማንም ያልሰራው፣ ማንም ያልመረመረው ድምር ማለት ነው። ይሄ ይመርዛል እያልኩ አይደለም። ሃይብሪዱን የምታጣራው ዓይን ይሄኛውን አታየውም፣ ከሃይብሪድ ጋር አንድ ነው የሚለው ንፅፅር የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ለፍትህ ያህል አንድ ነገር በጸሐፊው ጎን ቆሜ ልበል፣ እኛ ሰፈር የሚወራው ደግሞ ሌላ ጉድ ነውና። «ጂኤምኦ በቆሎ መካን ነው፣ ተመልሶ አይበቅልም፣ ነባሩንም ያመክነዋል» የሚሉ አሉ። የማይበቅል ዘር የሚያደርገው ቴክኖሎጂ ገበያ ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ ከ2000 ጀምሮም በብዝሃ ሕይወት ስምምነቱ አገሮች እንዳይለቀቅ ተስማምተው አግደውታል። እስቲ አስቡት፣ መካን ቢሆንማ ኖሮ ወደ ልጅ ስለማይተላለፍ ይሄ ሁሉ ወሬ መች ይኖር ነበር።

«ቢገባም በረከት ነው»

ትል ገዳዩ ጂን ጥቅም አለው፣ ይሄን የሚክድ አገዳ ቆርቁር የበላው ማሳ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። አገዳውን ሰንጥቃችሁ ውስጡን ስታዩት ልባችሁ ነው የሚቆረጠው። በ2017 መጤ ተምች አገራችን ሲገባ ገበሬው በእጁ እየለቀመ ሲገድል የነበረበትን ጊዜም አንረሳውም።

ነገር ግን ጥቅሙ የሚቆየው ስርዓት ሲኖረው ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሄን በቆሎ ዘርታለች፣ እኛ ደጋና ወይና ደጋ ላይ በቆሎና ማሽላ የሚበላው ያው ራሱ አገዳ ቆርቁር እዛም አለ። አስር ዓመት ሳይሞላ፣ በ2007 ጂኑን የተላመደ ትል መገኘቱ ተጻፈ። ለምን? ትሉ እንዳይላመድ ከጎኑ ጂኑ የሌለበት በቆሎ በልክ መዘራት ነበረበት፣ መርዙን ያልለመደው ትል እዛ እንዲኖርና እንዲጋባ፣ ብዙዎቹ ግን አልዘሩትም። እነዚህ ትልልቅ ገበሬዎች ናቸው፣ ውል የፈረሙ። አሁን ደግሞ ጂኑ ማንም ሳያውቅ ወደ ነባር ዘር ሲገባ አስቡት፣ ግማሹ ተክል ላይ አለ ግማሹ ላይ የለም፣ አንዱ እራስ ላይ ራሱ ፍሬው የተቀላቀለ ነው፣ ትሉ ካንዱ ፍሬ ትንሽ መርዝ ቀምሶ ሳይሞት ወደ ሌላው ያልፋል። ለማላመድ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በረከቱን ቶሎ የሚያበላሸው እንግዲህ ያው በረከቱ ገባ የተባለበት መንገድ ነው።

ፀረ አረም መቋቋሚያው ደግሞ ለማን ይሆን በረከቱ? የሜክሲኮ ገበሬ ሚልፓ የሚለው ማሳ ላይ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ አብረው ናቸው፣ ከስሩ የሚበቅለው ጎመን መሳይ ቅጠልም ይበላል። ፀረ አረሙ ከበቆሎው በቀር ሁሉንም ይጨርሳል። እኛም ጋ በቆሎ ስር ቦሎቄ አለ፣ አረሙም የላም ነው።

«ነባሩ ዘር በባንክ ተቀምጧል»

አዎ ተቀምጧል፣ ሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ ያለው ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና ስንዴ ማዕከል ብቻ ከ28 ሺ በላይ የበቆሎ ናሙና ይዟል። እኛም ከ1976 ጀምሮ የራሳችን ጂን ባንክ አለን፣ ልንኮራበትም ይገባል።

ባንክ ውስጥ ያለ ዘር ግን የገባበትን ቀን ነው የሚያውቀው። ዝናቡ ሲዘገይ አብሮ አይዘገይም፣ አዲስ ተባይ ሲመጣ አይታገልም። በኦሃካ ሴራ ሚሄ የሚባል ቀዝቃዛ ተራራ ላይ ቶቶንቴፔክ በምትባል መንደር ያለውን በቆሎ ልንገራችሁ፣ እኔን ለሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው። አምስት ሜትር የሚሆን ቁመት አለው፣ ከመሬት በላይ ካገዳው የሚወጡ ወፋፍራም ቀያይ ስሮች አሉት፣ ከስሮቹ እንደ ማር የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ፈሳሹ ውስጥ ባክቴሪያ አለ፣ ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። በ2018 የወጣው ጥናት ይሄ በቆሎ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከ29 እስከ 82 በመቶውን ከአየር ያገኛል አለ። ባቄላ ሲያደርገው ሰምተናል፣ በቆሎ! ዩሪያ የስንት ብር እንደገባ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳም። ይሄ በቆሎ እንዲህ ሊሆን የቻለው ሰዎቹ እዛው ደካማ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን እየዘሩ ስለመረጡት ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢሆን ያ ስር ባልኖረ።

እዚህ ጋ ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነገር አለ። የሜክሲኮን ነባር በቆሎ ከሁሉ በላይ የጎዳው ጂን አይደለም። ከ1994ቱ የንግድ ስምምነት በኋላ በድጎማ የረከሰ የአሜሪካ በቆሎ ገባ፣ ዋጋ ወደቀ፣ ልጆቹ ማሳውን ትተው ወደ ሰሜን ሄዱ። ዘር የሚመርጥ እጅ ሲሄድ ዘሩም ይሄዳል። በዚህ ላይ ቢጽፉ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር፣ «ባንክ አለ» ብሎ ማለፍ ግን የዛን እጅ ዋጋ ዜሮ ማድረግ ነው።

«ክልከላው ፖለቲካ ነው፣ ተሸንፏል»

ይሄንን በፍጥነት፣ የተሳሳተው መረጃው ስለሆነ። የተሸነፈው ምንድነው? ሜክሲኮ በ2023 ባወጣችው ድንጋጌ ጂኤምኦ በቆሎ ለቶርቲያ (የበቆሎ ቂጣቸው) እና ለሊጥ እንዳይውል፣ ለመኖና ለሌላውም ቀስ በቀስ እንዲተካ አለች። አሜሪካ ከሰሰች፣ በታኅሣሥ 2024 የንግድ ስምምነቱ ዳኞች ድንጋጌው በስጋት ግምገማ ላይ አልተመሰረተም ብለው ለአሜሪካ ፈረዱ። ክርክሩ ስለመብላትና ስለማስገባት ነበር። ስለ መዝራት አልነበረም! ነባር ዘርን መጠበቅ ተገቢ ዓላማ መሆኑን ዳኞቹም አልካዱም። መዝራትን በሚመለከት ከ2013 ጀምሮ በዜጎችና በገበሬዎች የጋራ ክስ ፍርድ ቤት አግዶታል፣ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እግዱን አፀናው፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ ጂኤምኦ በቆሎ አለመዝራት ሕገ መንግስታቸው ውስጥ ገባ። ተሸነፉ ከተባለ ሦስት ወር ሳይሞላ ማለት ነው። ፖለቲካ አለበት? እንዴታ፣ በቆሎ እኮ ለነሱ እንጀራ ነው፣ ስለ እንጀራ ፖለቲካ የሌለበት አገር ካለ ንገሩኝ።

ወደኛ ስንመጣ

ጸሐፊው «ሜክሲኮ ምንም ካልሆነች እኛም ምንም አንሆንም» ነው መደምደሚያቸው። ሲጀመር እኛ ሜክሲኮ አይደለንም፣ ለበቆሎ መነሻ አገር አይደለንም፣ ቴኦሲንቴም የለንም፣ ስለዚህ የሜክሲኮን ስጋት ሙሉ በሙሉ መገልበጥም ልክ አይደለም። ይሄን የምለው በኛ ወገን ያሉትም እንዲሰሙት ነው። ማሽላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፣ የዱር ዘመዱ ማሳው ዳር ይበቅላል፣ ጤፍማ የራሳችን ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርና ጂኤምኦ ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚገዛው የካርታኼናው ስምምነት ሲደረግ የአፍሪካን ቡድን ይዘው የተከራከሩት አንድ አገር ሳይጠየቅ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይገባበት ነበር፣ ይግባ ወይ አይግባ የሚለውን ራሱ አገሩ አይቶ እንዲወስን። በ2009 የወጣው የኛ የጂኤምኦ ሕግ ጥብቅ ነበር፣ በ2015 ላላ፣ ከዛ ጂኤምኦ ጥጡ መጣ፣ ከዛ ቴላ የሚባለው ጂኤምኦ በቆሎ መልካሳ ምርምር ማዕከል ታጥሮ ተሞከረ። ቴላ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፣ ያ ትል ገዳይ ጂንና ድርቅ መቋቋሚያ የተባለ ሌላ ጂን። ናይጄሪያ በ2024 ፈቅዳለች።

እኔ ዘሩ አይምጣ አላልኩም። ገበሬው ትል ሲበላው እያየሁ አይምጣ ለማለት ወኔው የለኝም። ያልኩት የሚዘዋወረው በጆንያ ነው፣ የሚያበዛውም የአክስቴ እጅ ነው። «ሁለት መቶ ሜትር አራርቁ» የሚል መመሪያ አዘጋጅቶ ለወረዳ መላክ ጆንያውን አያስቆመውም፣ እህል ተራ ሜትር የለም። ቢያንስ ጆንያው ላይ ምን እንዳለ ይጻፍ፣ ገበሬው የትኛውን ማስቀረት እንደሚችል፣ የትኛውን ማስቀረት እንደሌለበት በቋንቋው ይነገረው፣ ለትሉ ማረፊያ የሚሆነው ሌላው በቆሎም አብሮ ይሰጠው።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ሜክሲኮዎች ከ2001 እስከ 2009 «አለ» «የለም» ሲባባሉ የኖሩት ሁሉም በየራሱ ቦታ፣ በየራሱ ዘዴ ስለመረመረ ነው፣ ምን ከምን ጋር እንደሚያወዳድሩ አጡ። እኛ ግን ጊዜ አለን። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሲዳማ፣ ከጅማ ከየገበሬው ጓዳ ጥቂት ጥቂት እራስ በቆሎ ዛሬ ተሰብስቦ፣ ተመርምሮ፣ ቀኑ ተጽፎበት ቢቀመጥ ከአስር ዓመት በኋላ እኔና ጸሐፊው በጽሑፍ ሳይሆን በናሙና እንከራከራለን። አክስቴ ጋ ለሚሄደው ሰው አድራሻውን እኔ እሰጣለሁ፣ ግን ከምድጃው በላይ ከተንጠለጠሉት ውስጥ ያማረውን ስጪኝ ካላት አትሰጠውም።